ሞጁሎቹ የማይነጋገሩበት ዓመት

ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጃችሁ ለመጀመሪያው ዕረፍት ወደ ቤት ሲመለስ ሻንጣውን ከፍታችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁን? ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ፣ ታሪክ፣ አንትሮፖሎጂ፣ ዓለም አቀፍ ጉዳዮች... ሐኪም ሊሆን የሄደውም መሐንዲስ ሊሆን የሄደውም አብዛኛዎቹን በጋራ ይማራሉ።

«ይህ ሁሉ ምን ሊሠራለት ነው?» የሚሉ ወላጆች አሉ። እኔ ከእነርሱ ጋር አይደለሁም። የ1986ቱን የትምህርት ፖሊሲ ተከትሎ የጋራው ዓመት ወደ 11ኛና 12ኛ ክፍል መሰናዶ ወርዶ ነበርና፣ በ2012 የትምህርት ዘመን ወደ ዩኒቨርሲቲ መመለሱ ተገቢ ነው። የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ትምህርቶቹ አንድ ጣሪያ ሥር ይኖራሉ እንጂ አይነጋገሩም።

እስቲ ሁላችንም የምናውቀውን እናንሳ፤ የዐረብ አገር ስደትን። በ2006 ሳዑዲ ዐረቢያ ከ160 ሺህ የሚበልጡ ወገኖቻችንን ስትመልስ ብዙ ቤት ደንግጧል። እነዚያ ልጆች ለምን ሄዱ? የመሬቱን መጥበብ ጂኦግራፊ ያስረዳል። ደመወዙንና የደላላውን ዕዳ ኢኮኖሚክስ ያሰላል። ከልጅ የሚጠበቀውን ውለታ፣ የጎረቤትን አዲስ ቆርቆሮ አይቶ መቅናትን አንትሮፖሎጂ ያውቃል። ሠራተኛዋን በዚያን ጊዜ ከአሠሪዋ ጋር አስሮ ያስቀራት የከፋላ ሥርዓት ደግሞ የሕግ ጉዳይ ነው። ከአራቱ አንዱን ብቻ የያዘ ሰው «ድህነት ነው» ወይም «ደላላ ነው» ብሎ ያልፋል። ተማሪው ግን እያንዳንዱን በየፊናው ያጠናል፣ ትርጓሜውን ይሸመድዳል፣ ይፈተናል፣ ያልፋል። ከዚያ ቤት ሲመጣ ታናሽ እህቱ «እኔም ልሂድ» ስትለው የሚላት የለውም።

ኢብን ኸልዱን እ.ኤ.አ. በ1377 ሙቀዲማን ሲጽፍ የአየር ንብረትን፣ የዘላኑንና የከተሜውን ኑሮ፣ ግብርን፣ የእጅ ሙያን፣ የመንግሥታትን መነሣትና መውደቅ አንዱን ከሌላው አያይዞ ነበር የመረመረው። (ዛሬ ቢመጣ የትኛው ዲፓርትመንት ወንበር ይሰጠው ይሆን?)

መፍትሔው አዲስ ሞጁል መጨመር አይደለም፤ ሸክሙ በዝቷል። በአንድ ሴሚስተር አንድ ጉዳይ ይመረጥ፤ ስደት ይሁን፣ የወንዝ ውኃ ይሁን፣ ሥራ አጥነት። ሦስት መምህራን በአንድ ክፍል ፊት ይቁሙ፤ ሲለያዩም ተማሪው ይስማቸው። መምህራኑን ማስማማት፣ የፈተናውንም መልክ መለወጥ እንደሚከብድ አይጠፋኝም።

እስከዚያው ድረስ ልጃችሁ ለዕረፍት ሲመጣ «ስንት አመጣህ?» ከማለታችሁ በፊት የጎረቤት ልጅ ሪያድ ለመሄድ ለምን እንደቆረጠች ጠይቁት። የትኛውን ሞጁል እንደሚከፍት እዩ።