የማሕሌት ዜማና የመንግሥት ድጎማ፤ በአሜሪካ የብሔራዊ ቅርስ ሽልማት ላይ የቀረበ ሒስ

የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ብሔራዊ የኪነ ጥበባት መደጎሚያ ድርጅት በ2008 ለብሔራዊ ቅርስ ሽልማት ከመረጣቸው ሰዎች አንዱ፣ በቨርጂኒያ ክፍለ አገር የአሌክሳንድርያ ከተማ ነዋሪ የነበሩት ኢትዮጵያዊው ሊቀ መዘምራን ሞገስ ሥዩም ነበሩ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ሽልማቱ በዚያ አገር ለባህላዊ ኪነ ጥበብ ከሚሰጠው ክብር ሁሉ ከፍተኛው ስለ ሆነ፣ የቅዱስ ያሬድ ዜማ ከብሉዝ ዘፋኝ፣ ከኮርቻ ሠሪና ከቅርጫት ሰፊ ጋራ በአንድ መዝገብ ተጻፈ ማለት ነው። በመጀመሪያው ዓመት ከተሸለሙት መካከል የቻርልስተኑ ብረት ሠሪ ፊሊፕ ሲመንስ ይገኛል። በአገራችን ቀጥቃጭ በቡዳነት ሲታማ መኖሩን ለሚያውቅ አንባቢ፣ ደብተራውና ብረት ሠሪው በአንድ ማዕርግ መቆማቸው ብቻውን ብዙ የሚያስብል ነገር ነው። ይሁን እንጂ ነገሩ በደስታ ብቻ ሊታለፍ አይገባም፤ መንግሥት ለባህል ገንዘብ በሚሰጥበት ጊዜ ባህል የሚባለው ምን እንደ ሆነም አብሮ ይወስናልና።

ድርጅቱ የተቋቋመው በ1965 በወጣው ሕግ ነው። የባህላዊ ኪነ ጥበብን ክፍል ከ1977 ጀምረው የመሩት ወይዘሮ ቤስ ሎማክስ ሆዝ፣ ጃፓን በ1950 ባወጣችው የባህል ሀብት ጥበቃ ሕግ መሠረት ታላላቅ የእጅ ጥበብና የትርኢት ሊቃውንትን የምታከብርበትን ሥርዓት አርአያ አድርገው ሽልማቱን አስጀመሩ። በ1982 ዐሥራ አምስት ሰዎች እያንዳንዳቸው 5,000 ዶላር ተቀበሉ፤ ገንዘቡም ኋላ ወደ 25,000 ዶላር አድጓል። በ1996 ምክር ቤቱ የድርጅቱን በጀት ከ162 ሚሊዮን ወደ 99 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲቀንስና ለግለሰብ የሚሰጠውን ገንዘብ ሲከለክል፣ ከክልከላው ከተረፉት ጥቂቶች አንዱ ይህ ሽልማት ነበር። የወይዘሮዋ ሥራ በምስጋና ሊነሣ የሚገባው ነው።

ሒሱ የሚጀምረው ከስሙ ነው። ባህላዊ ኪነ ጥበብ ሲባል በዚያ አገር የሚታሰበው፣ ከትምህርት ቤት ውጭ በቤተ ዘመድና በጎረቤት መካከል በማየትና በመስማት የሚወረሰው ጥበብ ነው። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ዜማ ግን እንዲህ ያለ አይደለም። ፊደል የቈጠረ ልጅ ከንባብ ቤት ወደ ዜማ ቤት፣ ከዚያም ወደ ቅኔና ወደ አቋቋም ይሻገራል፤ በቤተልሔም ድጓ ያስመሰከረ ሰው በዚያው በቤተልሔም ስም ይከበራል፤ የጎንደርን አቋቋም የተማረውም የተክሌን አቋቋም ከተማረው ተለይቶ ይታወቃል። ዜማው በምልክት የተጻፈ ሲሆን፣ ትውፊቱ የምልክቱን ሥራ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1540–1559) ለነበሩት ለአዛዥ ጌራና ለአዛዥ ራጉኤል ይሰጣል። እንግዲህ የሲምፎኒ ጓድ በአንድ ክፍል፣ ድጓ ደግሞ በሌላ ክፍል እንዲገባ ያደረገው መስመር በተጻፈና ባልተጻፈ፣ በሊቅና በመሃይም መካከል የተሰመረ አይደለም፤ የአሜሪካ ኮንሰርቫቶሪ በሚያስተምረውና በማያስተምረው መካከል የተሰመረ ነው። ይህ የቃል ጨዋታ እንዳይመስል፣ ውጤቱ በገንዘቡ አሰጣጥ ላይ ይታያል። የተማረ ሙዚቃ ትምህርት ቤት፣ ቤተ መጻሕፍትና የመምህር ደመወዝ ያስፈልገዋል ተብሎ ይታመናል፤ ባህላዊ የተባለው ግን አረጋዊ ሊቁን ማክበርና ድምፁን መቅረጽ ይበቃዋል ተብሎ ይገመታል።

ሁለተኛው ነገር ሽልማቱ አንድን ሰው ለይቶ የሚያይ መሆኑ ነው። ማሕሌት የሚቆመው በቀኝና በግራ ተከፍሎ ነው፤ ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ የሚሉት ማዕርጎች ራሳቸው የቆሙበትን ቦታ ያመለክታሉ። አንዱ ወገን ሲመራ ሌላው ይቀበላል፤ ጸናጽሉና መቋሚያው፣ ከበሮውም የሚሰማሙት በብዙ ሰው ነው። ሊቀ መዘምራን የሚለውም ቃል መዘምራን ከሌሉ ትርጕም አይኖረውም። ሊቀ መዘምራን ሞገስ በዋሽንግተን በደብረ ሰላም ቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲያገለግሉ ዜማውን የያዘው ማኅበሩ ነው። ማኅበሩን ለመርዳት የሚሻ ግን ወደ ሌላው በር፣ ማለት ለድርጅቶች ወደሚሰጠው ድጎማ መሄድ አለበት፤ እዚያም ሦስተኛውና ከባዱ እንቅፋት ይጠብቀዋል።

በዚያ በር የሚገባው ለትርፍ ያልቆመ መሆኑ በሕግ የታወቀ ድርጅት ነው። ያለፉ ዓመታት የሥራ ታሪኩን ያቀርባል፤ በአብዛኛውም ከሚሰጠው ገንዘብ ጋራ የሚተካከል ገንዘብ ከሌላ ምንጭ ማምጣት ይገደዳል። ድሀ ማኅበር ድጎማ የሚለምነው ገንዘብ ስለሌለው ሆኖ ሳለ፣ ገንዘብ ያለው መሆኑን አስቀድሞ ማሳየት አለበት። ከዚህም በላይ የፌዴራሉ መንግሥት በቀጥታ የሚሰጠው ገንዘብ ለአምልኮ ሊውል አይችልም። ሕጉ ለሃይማኖት ነጻነት የቆመ ስለ ሆነ ክፋት የለበትም፤ ነገር ግን ለማሕሌት ሲተረጐም ምን ይሆናል? መዘምራኑ በዋዜማ ሌሊቱን ሙሉ ቢቆሙ አንድ ዶላር አይከፈልበትም፤ ያንኑ ወረብ በአዳራሽ መድረክ ላይ ለአንድ ሰዓት ቢያሳዩት ግን ሊከፈልበት ይችላል። ድጎማው ዜማውን ከቅኔ ማሕሌት ወደ መድረክ ይስበዋል ማለት ነው። በአንድ ሰዓት የሚያልቀው ወረብና ሽብሸባ ደግሞ ለተመልካች የሚያምረው ክፍል ብቻ ነው፤ ረጅሙና ከባዱ ዝማሜ በመድረክ ሰዓት ውስጥ አይገባም።

የቀድሞው የኢትዮጵያ ሥርዓት ይህን ጥያቄ በሌላ መንገድ ፈትቶት ነበር። ነገሥታቱና እቴጌዎቹ፣ እንደ እቴጌ ምንትዋብ በጎንደር ቍስቋም፣ ደብር ሲተክሉ መሬት ይተክሉለት ነበር፤ ደብተራው ሪም የሚቀበለው ስለ አገልግሎቱ ነው። ገንዘቡ የሚከተለው ሰውን ሳይሆን ሥራውን ስለ ሆነ፣ ሊቁ ሲሞት ቦታውን የሚተካው ሌላ ሊቅ ይኖራል። አሳቡ ከአሜሪካው ይሻላል፤ አፈጻጸሙ ግን አሳቡን የሚመስል አልነበረም። ዶናልድ ክራሚ የጎንደርን የወንጌል መጻሕፍት ኅዳግ መርምረው እንዳሳዩት፣ ሪም ይሸጥና ይወረስ ነበር፤ ዜማ የማያውቁ መኳንንትና ወይዛዝርትም መሬቱን ይዘው አገልግሎቱን በሌላ ሰው ያስፈጽሙ ነበር። ጭሰኛውም ያረሰው ለማን እንደ ሆነ መዘንጋት አይገባም። የዜማ ቤቱን ተማሪ ደግሞ ያ ሁሉ መሬት አላበላውም፤ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ከየደጃፉ ቍራሽ ሲለምን ኖሯል። የዜማው ትልቁ ደጋፊ ማን ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ ስሟ በየትኛውም መዝገብ ያልተጻፈው የባላገር ሚስት ናት።

በ1975 የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን ሪም በአንድ ዐዋጅ ቀረ፤ አጥቢያዎቹም በ1972 በተደነገገው ቃለ ዓዋዲ መሠረት በሰበካ ጉባኤ መዋጮ ላይ ተደገፉ። የአሜሪካውም ድጎማ ቢሆን ከዚህ የተሻለ ዋስትና የለውም፤ በግንቦት 2025 ፕሬዚዳንቱ ድርጅቱ ጨርሶ እንዲዘጋ በበጀት እቅዳቸው ባቀረቡበት ቀን፣ ብዙ ማኅበራት የተፈቀደላቸው ገንዘብ መቋረጡን በደብዳቤ ተረድተዋል።

ከአሜሪካ መርሐ ግብሮች ሁሉ ለዜማ ቤት የሚቀርበው፣ መምህርና ደቀ መዝሙር አብረው የሚደጎሙበት የክፍላተ አገሩ የሥልጠና ድጎማ ነው፤ በቨርጂኒያም እንዲህ ያለ መርሐ ግብር ከ2002 ጀምሮ አለ። ጕድለቱ የጊዜው ማጠር ነው። ከአንድ ዓመት በማይበልጥ ጊዜ ባንጆ የሚመታ ወይም እንጨት የሚቀርጽ ልጅ መልካም እርምጃ ሊያሳይ ይችላል፤ በዚያው ጊዜ የጾመ ድጓን ደጃፍ የረገጠ ተማሪ ግን ገና ከመንገዱ መነሻ ላይ ነው። ሰጪዎቹ ዜማውን በእውነት ለመርዳት ከፈለጉ፣ የሚያስፈልገው የዓመታት ስንቅ ለመምህሩና ለተማሪው በውል መስጠት ነው፤ ተማሪው ማስመስከሩን የሚዳኙትም የማመልከቻ ገምጋሚዎች ሳይሆኑ ራሳቸው መሪጌቶቹ እንዲሆኑ መተው ነው።