መደነቅና መከተል፦ አማተር ሙዚቀኞቻችንን ያስተማሩት እነማን ናቸው?

ስለ ዘመናዊው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ጨዋታ ሲነሣ፣ ብዙ ተከታይ ያፈሩት ሙዚቀኞች እነማን ናቸው ተብሎ መጠየቁ አይቀርም። መልሱም ብዙውን ጊዜ የታወቁትን ስሞች መዘርዘር ነው። ጥላሁን ገሠሠ፣ ብዙነሽ በቀለ፣ ማሕሙድ አሕመድ፣ ሙላቱ አስታጥቄ ይባልና ነገሩ በዚሁ ይዘጋል። እኛ ግን በዚህ አጭር ጽሑፍ መደነቅና መከተል ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ለማሳየት እንሞክራለን። አማተር ሙዚቀኛ ስንል፣ ሙዚቃን እንጀራው ያላደረገውንና ያለ ኖታ በጆሮው የሚማረውን ሰው ማለታችን ነው። እንዲህ ያለው ሰው የወደደውን ሁሉ ሊያደንቅ ይችላል፤ ሊከተል የሚችለው ግን በእጁ በሚገኘው መሣሪያ ሊደግመው የሚችለውን ብቻ ነው።

አስቀድመን የመንግሥቱን ኦርኬስትራዎች እንመልከት። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም ያገኟቸው፣ አባትና እናት የሌላቸው አርባ የአርመን ልጆች ከመሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር ወደ አዲስ አበባ መምጣታቸው የታወቀ ነው። ከዚያ ወዲህ የነሐስ መሣሪያ ያደገው በመንግሥት ቤት ነው። ከጣሊያን ጦርነት በኋላም የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍሎች፣ እንዲሁም በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ኦርኬስትራ፣ ይህንኑ መንገድ ተከተሉ። ሳክስፎኑና ትራምፔቱ የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ነበር። ስለዚህ ከክብር ዘበኛ ወደ ሕዝቡ ወጥቶ የተዳረሰው የጥላሁን ድምፅ ነው፤ ለድምፅ ጉሮሮ እንጂ ገንዘብ አያስፈልግምና። ከድምፁ በስተኋላ የነበረው የነሐስ ቅንብር ግን በራዲዮ ወደ ጆሮ ደረሰ እንጂ ወደ ጣት አልደረሰም።

ለዚህ ጥሩ ምስክር የሚሆነን ጌታቸው መኩሪያ ነው። ይህ ሰው ሽለላን ከፎካሪው አፍ አንሥቶ በሳክስፎን የተጫወተ ነው። የሰማው ሁሉ ያደንቀዋል፤ ነገር ግን በየሰፈሩ ሳክስፎን ይዞ የሚከተለው ወጣት ከየት ይምጣ? ከፓንክ ሙዚቃ የመጡት የኔዘርላንድ ተጫዋቾች፣ ዘ ኤክስ የተባሉት፣ እርሱን ፈልገው በ2006 እ.ኤ.አ. «ሞአ አንበሳ» የተባለውን አልበም አብረውት አወጡ። የእኛ ልጅ አድናቂ ሆኖ ሲቀር የሩቅ አገር ሰው አብሮ ተጫዋች ሆነ ማለት ነው።

ወደ ክራር ስንመለስ ነገሩ ይለወጣል። አስናቀች ወርቁና ካሳ ተሰማ ከክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ጋር ሲተያዩ በመሣሪያ ብዛት ድኾች ናቸው። ነገር ግን ክራርን ሰው ከእንጨት፣ ከቆዳና ከጅማት ራሱ ሊሠራው ይችላል። ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ቅኝቱ ራሱ መምህር ነው። ክራሩ በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰል ወይም በአንቺሆዬ ከተቃኘ በኋላ፣ ጀማሪው ጣቱ ቢስት እንኳ ከቅኝቱ አይወጣም። እነዚህ ሁለት ሰዎች በክራር ያስተማሩት ሰው ትልልቆቹ ኦርኬስትራዎች በነሐስ ካስተማሩት የሚበልጥ ይመስለናል።

ሦስተኛዎቹ መምህራን ዋሊያስ፣ አይቤክስ፣ ዳህላክና ሮሃ የተባሉት ባንዶች ናቸው። እነዚህ በሆቴል የሚጫወቱ፣ ቁጥራቸው አነስ ያለ፣ ጊታርና ኦርጋን የያዙ ነበሩ። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ በየቀበሌው የኪነት ቡድን ሲቋቋምና ካሴት ሸክላን ሲተካ፣ የሮሃ ሥራ መማሪያ ሆነ። ካሴት ይቆማል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ያንኑ ስፍራ ደጋግሞ ያሰማል። የሰላም ስዩምን ጊታር በዚህ ዓይነት መማር ይቻል ነበር።

ምናልባት «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ የፈለገ ሳክስፎንም ቢሆን ያገኛል» የሚለን አይጠፋም። እኛም ፍላጎትን አንንቅም። ነገር ግን ፍላጎት መንገድ ይፈልጋል እንጂ መሣሪያ አይወልድም።

ይህ ሁሉ የታሪክ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላስቸገርን ነበር። ዛሬ አማተሩ በቀላሉ የሚያገኘው መሣሪያ ምት ተሞልቶለት የመጣ ኪቦርድ ነው። የዚህም አብነት ተብሎ የሚጠቀሰው የዋሊያሱ ኃይሉ መርጊያ ነው፤ በ1985 እ.ኤ.አ. በዋሽንግተን አኮርዲዮንና ኪቦርድ ይዞ ብቻውን ቀርጾ ባወጣው ካሴት፣ ይኸውም በ2013 እ.ኤ.አ. እንደገና ታትሞ በዓለም በተሰማው። ነገር ግን ኃይሉ ብቻውን ከመጫወቱ በፊት ለብዙ ዓመታት በባንድ ውስጥ ሌሎችን እየሰማ ተጫውቷል። ብቻውን ሲጫወትም የጓደኞቹን ስፍራ ያውቀዋል፤ የት ዝም ማለት እንዳለበት ያውቃል። የእኛ ጀማሪ ግን ኃይሉ ከደረሰበት ይነሣል። ከበሮው ስለማይደክምና ስለማይሳሳት፣ ጓደኛን መጠበቅ የሚባለውን ትምህርት ሳይማር ይቀራል። የኪቦርዱ ቁልፍ አስቀድሞ የተወሰነ ድምፅ ስላለውም፣ የአንቺሆዬ ጠባብ እርከኖች በዘፋኝ ጉሮሮ ወይም በማሲንቆ የሚሰሙበት ረቂቅነት ይጠፋል።

እንግዲህ በበኩላችን የደረስንበት ሐሳብ ይህ ነው። ማን ማንን እንደ ተከተለ ለማወቅ የሚሻ ሰው፣ ከዘፋኞቹ ስም አስቀድሞ በወጣቱ እጅ ምን መሣሪያ እንደ ነበረ ይጠይቅ። የሚመጡት አማተሮች ጌታቸው መኩሪያን ከማድነቅ አልፈው እንዲከተሉት የምንፈልግ ከሆነ፣ በየትምህርት ቤቱና በየኮሌጁ ተቆልፎ የሚገኝ የነሐስ መሣሪያ ቢኖር ወጥቶ ለተማሪ ይዋስ። ሦስት ልጆች በአንድ አሮጌ ትራምፔት፣ በአንድ ክራርና በአንድ ከበሮ እየተሳሳቱም ቢሆን እርስ በርሳቸው ቢሰማሙ፣ ከአንድ ኪቦርድ የበለጠ ይማራሉ ብለን እናምናለን።