«ፍጹም ግፊት» በላሊበላ፤ ስለ ሞተር ዳሳሾች አሰያየም የቀረበ ሒስ

በሞተር ውስጥ ሙቀትን፣ ግፊትን ወይም ዙርን እየለካ ለመቆጣጠሪያው ኮምፒዩተር የኤሌክትሪክ ምልክት የሚልከውን ዕቃ ጋራዡ «ሴንሰር» ይለዋል። ተርጓሚዎች ደግሞ «ዳሳሽ» ብለውታል፤ በአማርኛ የተሰናዱ የእጅ ስልኮችም «የጣት አሻራ ዳሳሽ» እያሉ ቃሉን ለሕዝብ አለማምደውታል። ይህ ጽሑፍ በሁለቱ መካከል ዳኛ ሆኖ ለመቀመጥ አልተነሣም። የሚተቸው፣ የስያሜ ሠሪዎች ድካም በዋናው ስም ላይ አልቆ ቅጽሉ ያለ ጠባቂ መቅረቱን ነው።

«ዳሳሽ» የተመሠረተበት ሐሳብ መልካም ነው። በግእዙ ትምህርት ከርእይ፣ ከሰሚዕ፣ ከአጼንዎና ከጥዒም ጋር የሚቈጠረው ገሲስ በአማርኛ መዳሰስ ነው። የክራንኩን ዙር የሚከታተለው ዕቃ ጥርሱን ሳይነካ ስለሚያነብ «ዳሰሰ» አይባልም የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ነገር ግን «የጥናት ዳሰሳ» ስንል እጃችንን በወረቀት ላይ እንደማናሻሽ ሁሉ፣ ቃሉ ከመንካት ወደ ማወቅ ከተሻገረ ቆይቷል። የምዕላዱም ምርጫ የሚያስነቅፍ አይደለም። «መዳሰሻ» ቢባል ኖሮ እንደ መለኪያና እንደ መቁረጫ በሰው እጅ የሚያዝ መሣሪያ ይመስል ነበር፤ ይህ ግን ማንም ሳይዘው በራሱ ይሠራልና የአድራጊ ስም ይስማማዋል። በሌላ በኩል ካንዴላን፣ ፍሪሲዮንን፣ ችንጋንና ማርሚታን ከጣልያንኛ ተቀብሎ የኖረው ጋራዥ «ሴንሰር»ንም በዚያው በር አስገብቶታል፤ የሚያስወጣው የለም። መዝገበ ቃላት ሁለቱን ጎን ለጎን ቢያኖር የሚጎድልበት ነገር አይኖርም።

ጉዳቱ ያለው ሌላ ዘንድ ነው። አየር ለሲሊንደሮች በሚከፋፈልበት ማኒፎልድ ላይ ያለውን የግፊት ዳሳሽ እንውሰድ። ዕቃው የትናንት አይደለም፤ የጀርመኑ ቦሽ እ.ኤ.አ. በ1967 ያወጣው ዲ-ጄትሮኒክ የተባለው የነዳጅ መርጫ ሥርዐት የተመሠረተው በዚሁ ግፊት ላይ ነበር፤ «ዲ» የተባለውም ፊደል በጀርመንኛ ግፊት ከሚለው ቃል የተወሰደ ነው። የደስታ ተክለ ወልድ ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. ሲታተም ይህ ዕቃ በሌላው ዓለም መንገድ ላይ ይሽከረከር ነበር።

የዕቃው የእንግሊዝኛ ስም ሦስት ነገሮችን ይናገራል፤ የት እንደሚለካ፣ ምን እንደሚለካ፣ ከምን ተነሥቶ እንደሚለካ። ሦስተኛውን ተርጓሚው ወይ ይጥለዋል፣ ወይ ቃል በቃል «ፍጹም» ብሎ ይፈታዋል። «ፍጹም ዜሮ» በፊዚክስ መጽሐፍ ውስጥ ቦታው ነው፤ አልነቅፈውም። የላስታ አንባቢ ግን ይህን ቃል ከሁሉ አስቀድሞ የሚያውቀው ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነው፤ እዚያ ጉድለት የሌለበት፣ የተሟላ ማለት ነው።

እንግዲህ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ በሆነችው በላሊበላ፣ አንድ ባለ መኪና የተተረጐመ መመሪያ ይዞ በግቢው ውስጥ ኮፈኑን ከፈተ እንበል። ዕቃውን ማግኘት አያስቸግረውም፤ በማኒፎልዱ ላይ ወይም ከእርሱ በሚነሣ ቀጭን የጎማ ቱቦ ጫፍ ላይ ያለ፣ ብዙውን ጊዜ ሦስት ሽቦ ያለው ስፒና የተሰካበት ትንሽ ነገር ነው። መመሪያው «ቁልፉን ከፍተው ሞተሩን ሳያስነሡ ያንብቡ፤ ፍጹም ግፊቱ ወደ 100 ኪሎፓስካል መሆን አለበት» ይለዋል። (የከፍታው ሰንጠረዥ ጽሑፉ ሲታጠር ወድቋል፤ በትርጉም ሥራ ሰንጠረዥ ሲወድቅ የሚያለቅስለት የለም።) መሣሪያው 75 ያሳየዋል። ፍጹም የተባለ ነገር ሩቡ ከጎደለ ተበላሽቷል ማለት ነውና ካቻቪቴውን አንሥቶ ይፈታዋል። ዐዲሱን ከወልድያ ወይም ከአዲስ አበባ አስመጥቶ ሲገጥም ያው 75 ይነበባል።

የመጀመሪያው ዳሳሽ የተናገረው እውነቱን ነበር። ሞተሩ በቆመ ጊዜ በማኒፎልዱ ውስጥ ያለው አየር የውጭው አየር ነው፤ የውጭው አየር ግፊትም በዚያ ከፍታ የባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ያው መኪና ከ4,200 ሜትር በላይ ወደሆነው ወደ አቡነ ዮሴፍ ጫፍ ቢወጣ ኖሮ ንባቡ ወደ 60 በወረደ ነበር። ባለ መኪናው በስልኩ የአየር ትንበያ ቢያመሳክርም አይድንም፤ እዚያ የሚጻፈው ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ወደ ባሕር ጠለል ልክ የተመለሰ ነውና፣ 1,015 ሄክቶፓስካል የሚል ቍጥር አይቶ ስሕተቱን ያጸናል።

ስለዚህ ለዚህ ዐይነት መመሪያ «ከባዶ የሚለካ ግፊት» የሚለውን አቀርባለሁ። ተቃራኒውን ጎሚስታው ያውቀዋል፤ የእርሱ መለኪያ ጎማው ሲተነፍስ ዜሮ ያሳያል፣ በጎማው ውስጥ ግን በዙሪያው ያለው አየር አለ። ያ «ከአየሩ በላይ የሚለካ ግፊት» ይባል። ስያሜው ረዘመ የሚል ይኖራል፤ ማሳጠሩን ጋራዡ ይችልበታል፣ የጠፋ መነሻን ግን አይፈጥርም።

ሌላም አለ። የብልሽት ማንበቢያው ፒ0107 ሲል የሚናገረው ከግፊት ዳሳሹ መሥመር የመጣው ምልክት ዝቅተኛ መሆኑን ነው። በመሥመሩ ውስጥ ሽቦውም፣ ስፒናውም፣ ዳሳሹም አሉ። «ዳሳሹ ተበላሽቷል» ብሎ መተርጐም ከሦስቱ አንዱን ያለ ምስክር መወንጀል ነው፤ ስፒናው ዝጎ ወይም ሽቦው ተበጥሶ እንደሆነ ባለ መኪናው ሳያይ ወደ ካቻቪቴው ይሄዳል።