ሐውልትና ደም ማድረቅ

በምንጃር፣ በአረርቲ ገበያ የዋለ ሰው የጤፍ ዋጋ በአማርኛም በኦሮምኛም ሲጠራ ይሰማል፤ ከተማይቱ ለወሰን ቅርብ ናትና። በሸዋ ነፍስ ሲጠፋ የሟችና የገዳይ ወገን በሽማግሌ ፊት ቀርበው ደም ያደርቃሉ። ጎረቤቱ ኦሮሞም ጉማ የሚለው አለው። በሁለቱም ልማድ ሁለቱ ወገኖች ካልተጠሩ ዕርቅ የለም። የመታሰቢያ ሕንፃዎቻችንን በዚህ ሚዛን ለመመዘን አስቤአለሁ።

በ2002 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ከሁሉ ይልቅ ልብ ይነካል። የሟቾቹ ፎቶግራፍ በግድግዳው ላይ፣ ከጅምላ መቃብር የወጣው አጥንት በመስተዋት ውስጥ ሆኖ ሲታይ፣ በቁጥር የሰማነው ሁሉ ሰው ይሆናል። ነገር ግን በዚያው ዘመን በኢሕአፓ ጥይት ለወደቁት ቤቱ በቂ ስፍራ አልሰጠም። ሁለቱን ግድያ እኩል ማድረጌ አይደለም፤ መንግሥት የፈጸመው እጅግ ይበልጣል። ዳሩ ግን የነዚያም ልጆች በዚህችው አገር ይኖራሉ።

የዐፄ ምኒልክ ሐውልት በ1923 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ጣሊያን ቢነቅለውም ከነፃነት በኋላ ተመልሶ ቆመ። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ በአርሲ፣ የንጉሡ ሠራዊት ፈጸመው የሚባለውን ግፍ ለማስታወስ፣ የተቆረጠ ጡት የያዘ እጅ በአኖሌ ቆመ። የታሪኩን ክርክር ለታሪክ ሊቃውንት እተዋለሁ። እንደ ሕንፃ ሲታዩ ግን ጠላቶች የተባሉት ሁለቱ ሐውልቶች እጅግ ይመሳሰላሉ፤ ተመልካቹ ቀና ብሎ ያያል እንጂ ከሌላው ወገን ፊት ለፊት አይቀመጥም።

በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ከየማዕዘኑ የዘመቱትን ሁሉ ለመጥራት መሞከሩ ያስመሰግነዋል። ቢሆንም ገዳዩ የውጭ ጠላት ስለ ሆነ ሥራው ቀሎታል።

አስቸጋሪው የእርስ በርሱ ነው። በሰሜን ሸዋ አጣዬ በ2013 ዓ.ም. ተቃጥላለች፤ አንድ ቀን በዚህ አውራጃ መታሰቢያ መቆሙ አይቀርም። በአረርቲ ገበያ ዳር ይሁን ቢባል፣ ከረጅም ድንጋይ ይልቅ ጥላና መደብ ያለው፣ የሁሉንም ሟቾች ስም የያዘ ዳስ እመርጣለሁ። ገበያተኛው ጤፉን አውርዶ ያርፍበታል። ስሙን ማን ይጽፋል የሚለው ከግንበኛው ሥራ ይከብዳል፤ የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ስም በስም ሳይስማሙ መሠረቱ ባይቆፈር ይሻላል።