አዳራሹና ጓዳው
‹‹የቶኪዮ ኦሎምፒያድ›› ፊልም ሲመዘን

እንግዳ የሚጠብቅ ቤት ደጁን ይጠርጋል፤ ቄጠማውን ይጎዘጉዛል፤ ያልተሰናዳውን ዕቃ ወደ ጓዳ አስገብቶ መጋረጃውን ይዘጋል። ከተማም እንዲሁ ናት። ዓለም የሚሰበሰብበትን ታላቅ የስፖርት በዓል የምታስተናግድ ከተማ ለጎብኚዋ የምታሳየው አዳራሿን እንጂ ጓዳዋን አይደለም። ስለዚህም እንዲህ ያለውን በዓል በፊልም እንዲቀርጽ የተመደበ የኪነ ጥበብ ሰው ገና ከመነሻው ከባድ ጥያቄ ይደቀንበታል፤ የአስተናጋጁን ደስታ ያስቀድም ወይስ ዓይኑ ያየውን?

በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ለተካሄደው ኦሎምፒክ ፊልም መጀመሪያ የታሰበው አኪራ ኩሮሳዋ ነበር፤ እርሱ በመቅረቱ ሥራው ለኮን ኢቺካዋ ተሰጠ። ጃፓን በዓሉን ያሰናዳችው በጦርነት ከወደመች በኋላ ዳግም መቆሟን ለማስመስከር ነው። ጨዋታው ሊከፈት ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ቶኪዮን ከኦሳካ የሚያገናኘው ፈጣን ባቡር ሥራ ጀመረ። መስከረም 30 ቀን ችቦውን የለኮሰው ወጣት ዮሺኖሪ ሳካይም ሐምሌ 30 ቀን 1937 ዓ.ም.፣ አቶሚክ ቦምብ ሂሮሺማ ላይ በተጣለበት ዕለት፣ በዚያው በሂሮሺማ ክፍለ ሀገር የተወለደ ነበር።

ኢቺካዋ ይህን ሁሉ ያውቃል፤ ነገር ግን የድል መዝሙር አላቀናበረም። ፊልሙ የሚከፈተው በፀሐይ ነው፤ ወዲያው የብረት ኳስ የአሮጌ ሕንፃ ግንብ ሲንድ ይታያል። ከዚያ በኋላ ካሜራው ከውጤት ሰሌዳው ይልቅ ወደ ሰው ፊት፣ ወደ ተመልካቹ፣ ሜዳውን ወደሚያሰናዱት ሠራተኞች ያዘነብላል። ከሩቅ የሚያቀርበው ሌንስና የዝግታ ቀረጻው ለጌጥ የገቡ አይደሉም። ዓይን በሩጫው ጥድፊያ የሚያልፈውን ድካም፣ ፍርሃትና ብቸኝነት ለመያዝ የተመረጡ ናቸው። ቅርጹ ይዘቱን ያገለግላል።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የቻዱ የ800 ሜትር ሯጭ አሕመድ ኢሳ ነው። ነጻ ከወጣች ገና አራት ዓመቷ የሆነችው ሀገሩ የላከችው ሁለት ስፖርተኞችን ብቻ ነበር። ኢሳ በምግብ አዳራሹ ብቻውን ሲበላ ይታያል። ለፍጻሜው ውድድር አልደረሰም፤ ሜዳሊያም አላገኘም። ይሁን እንጂ በታላቅ ድግስ መካከል የእንግዳ ብቸኝነት ምን እንደሚመስል ከእርሱ የበለጠ ያስረዳ የለም።

የፊልሙ ትልቁ ምዕራፍ ማራቶኑ ነው። አበበ ቢቂላ ከውድድሩ ጥቂት ሳምንታት በፊት የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ነበር፤ ጥቅምት 11 ቀን ግን ርቀቱን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ፈጽሞ ተከታዩን ከአራት ደቂቃ በላይ ቀደመ። ካሜራው ለረጅም ጊዜ ከፊቱ አይለይም። በዚያ ዝምተኛ ፊት ላይ ፉከራም ጭንቀትም አይነበብም። ከኋላው የመጣው ጃፓናዊው ኮኪቺ ቱቡራያ ሁለተኛ ሆኖ ስታዲየም ከገባ በኋላ፣ በገዛ ወገኖቹ ፊት በእንግሊዛዊው ባዚል ሂትሊ ተቀደመ። ቱቡራያ በ1960 ዓ.ም. የገዛ ሕይወቱን አጠፋ። ይህን የሚያውቅ የዛሬ ተመልካች ያንን ትዕይንት ሲያይ፣ የባለቤቱ ጉጉት በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ሲጫን እንዴት እንደሚከብድ ይታሰበዋል።

የኦሎምፒክ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ኢቺሮ ኮኖ ፊልሙ ኪነ ጥበብ ቢሆን እንጂ ዘገባ አይባልም ሲሉ ነቀፉት። ነቀፋው ስንኩል ነው። ማን ስንተኛ እንደወጣ ለማወቅ መዝገብ ይበቃል፤ በዓሉ ለሰው ምን እንደነበረ ግን መዝገብ አይናገርም።

የኢቺካዋ እውነተኛ ጉድለት ሌላ ነው። የሚፈርሰውን ግንብ ያሳየናል፤ በግንቡ ውስጥ ይኖር የነበረውን ሰው ግን አያሳየንም። ለበዓሉ ዝግጅት ከሰፈራቸው የተነሡ ቤተሰቦች ነበሩ፤ ጥንታዊው የኒሆንባሺ ድልድይም በላዩ በተዘረጋው የመኪና መንገድ ተሸፍኖ ቀርቷል። ካሜራው የጓዳውን መጋረጃ ገለጥ አድርጎ ተመልሷል፤ አልፎ ግን አልገባም።

ፊልሙ ራሱ ካሰበው በላይ ያ የብረት ኳስ ትንቢት ሆኗል። አበበ ያሸነፈበት ስታዲየም በ2007 ዓ.ም. ፈርሶ በቦታው አዲስ ተሠራ። ቶኪዮ በ2013 ዓ.ም. ዳግም ኦሎምፒክ ስታስተናግድም፣ በወረርሽኙ ሳቢያ አዲሱ ስታዲየም ያለ ተመልካች ዋለ፤ አዳራሹ ተሰናድቶ እንግዳው ቀረ። የፊተኛው በዓል ግንብ ዛሬ የለም፤ የአበበ ፊትና የኢሳ ብቸኛ ማዕድ ግን በፊልሙ አሉ። በዓል እንዲዘግብ የሚታዘዝ የኪነ ጥበብ ሰው ከኢቺካዋ የሚማረው ይህን ነው። ድግሱን ይቅረጽ፤ ነገር ግን ጥግ ይዞ ብቻውን የተቀመጠውን እንግዳ አይርሳ፤ ኢቺካዋ የተመለሰበትንም ደፍ ይሻገር።