ቅቤ የሚወጣበት ሙቀት

በሃዲያ ዞን፣ ጃጁራ ውስጥ ማለዳ ወተት የምትገፋ ሴት መወዝወዝ ከመጀመሯ በፊት መዳፏን በመግፊያው ሸክላ ሆድ ላይ ታሳርፋለች። እርጎው ቀዝቅዞ ከሆነ ለብ ያለ ውሃ ጠብ ታደርግበታለች፤ ሞቆባት ከሆነ ደግሞ ቀዝቃዛ። ቴርሞሜትር የላትም፤ ቅቤ የሚወጣበት ሙቀት ግን ጠባብ ነው።

ምስጢሩ ያለው በስቡ ላይ ነው። ገና የታለበ ወተት 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሚሞቅ ስቡ ፈሳሽ ነው፤ በዚያ ሙቀት ቢናጥ የስቡ እንክብሎች ይበታተናሉ እንጂ አይያያዙም። በጣም ከቀዘቀዘ ደግሞ ጠጥረው ቢጋጩም አይጣበቁም። ከ20 ዲግሪ ብዙም በማይርቅ ሙቀት ስቡ ከፊሉ ጠጣር፣ ከፊሉ ልስልስ ይሆናል። ያን ጊዜ ጠጣሩ የእንክብሉን ሽፋን ይወጋል፤ ልስልሱ እንደ ሙጫ ያጣብቃል።

እርጎ ሲናጥ ጋዝ ስለሚያወጣ በመግፊያው አንገት አጠገብ ትንሽ ቀዳዳ አለ። በዚያ ቀጭን የሣር አገዳ ትሰዳለች፤ የቅቤ ፍሬ ይዞ ከወጣ ደርሷል። ልምድ ያላት ግን አገዳውን ሳታነሳ ትቀድማለች፤ የሚንቦጫቦጨው እርጎ ድምፁ ሲለወጥ ጆሮዋ ይነግራታል።

በቤቱ አይስክሬም የሚሠራ ሰውም የሚታገለው ከዚሁ ስብ ጋር ነው። በረዶው ላይ ጨው ይነሰንሳል። ጨው የነካው በረዶ ከዜሮ በታች፣ እስከ 21 ዲግሪ ዝቅ ብሎ ይቀልጣል፤ ለመቅለጥ የሚያስፈልገውንም ሙቀት ከክሬሙ ይወስዳል። ስቡ በመጠኑ ሲያያዝ አየሩን ይይዛል። ክሬሙ በወጉ ሳይቀዘቅዝ ብዙ ከተመታ ግን ቅቤ ይወጣዋል። ጃጁራ ውስጥ እልል የሚያሰኘው ለአይስክሬም ሠሪው ኪሳራ ነው።

በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መቀመጫውን አዲስ አበባ ያደረገው የእንስሳት ምርምር ማዕከል፣ ኢልካ፣ በሸክላው መግፊያ ውስጥ የሚገባ የእንጨት መምቻ ሞክሮ ነበር። የመናጫው ጊዜ አጠረ፤ የሚገኘው ቅቤም ጨመረ። መምቻው ያበዛው ግን የእንክብሎቹን ግጭት ነው። ሙቀቱን መለካት አሁንም የገፊዋ መዳፍ ሥራ ነው፤ እርጎው ከልክ በላይ ሲሞቅ ብዙ ስብ ከአሬራው ጋር ይቀራል።

አሬራው ደግሞ ወደ እሳት ይሄዳል። ኮምጣጣ በመሆኑ 50 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይቋጥርና አጓቱ ይለያል። 2,200 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ባለችው የዞኑ ከተማ ሆሳዕና ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ ገደማ ነው፤ አይብ ግን ያን ያህል እሳት አይፈልግም። እሳት ሲበዛበት ውሃውን አጥቶ ይደርቃል። ስለዚህ ድስቱ ሳይፈላ ይወርዳል፤ ቀዝቀዝ ሲል አጓቱ ይጠለላል።