ስካን ፎቶ አይደለም፤ ልኬት ነው

«ራጅ ተነሳሁ»፣ «ሲቲ ስካን ተነሳሁ» እንላለን፤ ልክ «ፎቶ ተነሳሁ» እንደምንለው። አባባሉ የተለመደ ነው፤ ግን ያሳስታል። ስለ ሕክምና መሣሪያ የሚወሩ ዜናዎችም «ጥርት ያለ ምስል የሚያነሳ ዘመናዊ ማሽን ገባ» ብለው ያበቃሉ። ከልብ ቀዶ ሕክምና በፊት ግን ሐኪሙ ከሚያምር ምስል ይበልጥ የሚፈልገው የሚተማመንበትን ቁጥር ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። ደም ከልብ ወደ ትልቁ ደም ቅዳ የሚወጣበት ቫልቭ ጠቧል እንበል። ኢኮ የምንለው የልብ አልትራሳውንድ ደሙ በጠባቡ በር ሲያልፍ ያለውን ፍጥነት ይለካል። ቀመሩ ቀላል ነው፦ ፍጥነቱን በራሱ አባዙት፤ ከዚያ በ4 አባዙት። በሰከንድ 4 ሜትር ከሆነ፣ በቫልቩ ግራና ቀኝ ያለው ከፍተኛው የግፊት ልዩነት 64 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ይሆናል። የቫልቩ መጥበብ «ከባድ» መባል የሚጀምረውም ከዚሁ ፍጥነት ነው።

የድምፅ ሞገዱ ከደሙ አቅጣጫ በ30 ዲግሪ ቢያዘነብልስ? ማሽኑ 3.5 ሜትር ገደማ ያነባል፤ ግፊቱም ወደ 48 ይወርዳል። በቃ፣ ከባዱ በሽታ በወረቀት ላይ «መካከለኛ» ሆነ! ምስሉ እኮ አልደበዘዘም። ለዚህ ነው ጎበዝ መርማሪ በደረት ላይ ቦታ እየቀያየረ ደጋግሞ የሚለካው።

ታዲያ ውዱ ማሽን ትርፍ ነው ማለቴ ነው? አይደለም። ደረት ሳይከፈት፣ በደም ሥር በሚገባ ቀጭን ቱቦ አዲስ ቫልቭ ሊተከል ሲታሰብ ሲቲ ስካን ወሳኝ ነው። የቫልቩ መቀመጫ ብዙውን ጊዜ ሞላላ ነው፤ ተራው ኢኮ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ለክቶ እንደ ክብ ሲቆጥረው አሳንሶ ሊገምተው ይችላል። የተመረጠው ቫልቭ ካነሰ ደም በጎኑ ያፈስሳል። ሲቲው ግን ዙሪያውን በሙሉ ይለካል። በሌላ በኩል ጨረር አለው፤ በደም ሥር የሚሰጠው ማቅለሚያ መድኃኒትም ለደከመ ኩላሊት ሸክም ሊሆን ይችላል።

በምሕንድስና ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል ያልተነገረለት ቁጥር ግማሽ መረጃ ነው። ስለዚህ እናንተ ወይም ቤተሰባችሁ ምርመራ ሲታዘዝላችሁ «ማሽኑ አዲስ ነው ወይ?» ከማለት ይልቅ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ውጤቱ የትኛውን ውሳኔ ይቀይራል? ቁጥሩስ ከሕመሙ ምልክትና ከሌሎቹ ምርመራዎች ጋር ይስማማል? ካልተስማማ፣ ቀዶ ሕክምናው ከመወሰኑ በፊት እንደገና መለካት አለበት።